ከስልቻ እስከ ማዳበሪያ፤ ሄምፕ ለዝቋላ ያዋጣል ወይ?

ከ25 ሺህ በላይ የዕቃ ዓይነት ይወጣዋል የሚባልለት አንድ ተክል አለ። ስለ ሄምፕ ኢንተርኔት ላይ ሁለት ገጽ ያነበበ ሰው ይቺን ቁጥር ሳያገኛት አይቀርም። ጨርቅ፣ ገመድ፣ ወረቀት፣ ዘይት፣ የመኪና በር፣ የቤት ግድግዳ፣ ሳሙና... ምን የቀረ አለ! ቁጥሯ የዛሬ እንዳትመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1938 ‹‹ፖፑላር ሜካኒክስ›› የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሄምፕን የቢሊዮን ዶላር ሰብል ነው ብሎ ሲያወድስ ያወጣት ናት። አስቂኙ ነገር፣ መጽሔቱ አንባቢ እጅ ሲገባ የአሜሪካ መንግሥት በ1937 የማሪዋና ግብር ሕግ አውጥቶ የሄምፕ ገበሬውን ገበያ ማፈን ጀምሮ ነበር። ቢሊዮኑ ሳይመጣ ሰብሉ ሄደ። ቁጥሯ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ትዞራለች።

እኛም ይቺን ቁጥር ይዘው ‹‹ለምን ለሰሜኑ ደረቅ አገር አይሆንም? ለምን ዋግ ላይ አይሞከርም?›› ከሚሉ እኩዮቻችን ጋር ስንከራከር ከርመናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱን ግን ላፕቶፕ ላይ ካለ የቢዝነስ ፕላን ሳይሆን ከታሪክ ብንጀምረው ይሻላል ብለን ነው ይህን የጻፍነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ዝቋላ ስንል የአቦን ተራራ ያሰባችሁ አላችሁ፤ እሱ ሌላ ነው። የምናወራው ስለ ዋግ ኽምራዋ ዝቋላ ነው፤ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሲወረድ ያለችው፣ ፅፅቃ የምትባል ትንሽ ከተማ ያለቻት፣ ማሽላና ፍየል፣ ማርና ዕጣን ያላት ወረዳ። አገሩ የዋግሹሞች አገር ነው። ራሳቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥሩት ዋግሹሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ገዝተውታል፤ ከእነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ከ1868 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ግን ዋግን የምናውቃት በዚህ አይደለም። በ77ቱ ድርቅ ነው የምናውቃት። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር አስቀራለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ስሙን ‹‹የሰቆጣ ቃል ኪዳን›› ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ የዞኑን ሕዝብ አፈናቀለ፤ በ2015 ክረምት ዝናቡ ሲቀር የዝቋላ፣ የሰሀላና የአበርገሌ ስም እንደገና ከድርቅ ጋር ተነሣ። እንግዲህ ለዚህ አገር ‹‹አዲስ ሰብል እናምጣ›› የሚል ሰው በሰው እንጀራ ላይ እየተወራረደ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ሄምፕ ምንድን ነው? በአጭሩ የካናቢስ ዘር ነው፤ ዝርያው አንድ ነው። ልዩነቱ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር (ቲኤችሲ ይሉታል) መጠኑ ላይ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠውን ሄምፕ ይሉታል። ከግንዱ ልጥ ቃጫ ይወጣል፣ ከፍሬው ዘይት ይጨመቃል።

ይህ ተክል ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑ ብዙ ሰው አያውቅም። በጣና ሐይቅ አካባቢ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ (ከተማው አይደለም፣ ስም ብቻ ነው የሚጋሩት)። ዶምብሮውስኪ የተባለች አርኪዮሎጂስት ዋሻውን ስትቆፍር በአንደኛው ንብርብር የጥንት ገብስና ሽምብራ አገኘች፤ ከላይ ባለው ደግሞ ሁለት የሸክላ ጋያ ራሶች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1975 ቫን ደር መርቨ የተባለ ተመራማሪ የጋያዎቹን ጥላሸት በኬሚካል መርምሮ የካናቢስ ቅሪት እንዳለበት አሳወቀ። ዕድሜው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ይጠጋል። በአፍሪካ ካናቢስ ለመጨሱ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ተክሉ እንግዲህ መጥቷል። የመጣው ግን በጭስ መልክ ነው። ከጋያው ውጪ ገመድም፣ ጨርቅም፣ ወረቀትም ሆኖ ታሪካችን ውስጥ አናየውም። ለምን?

እኛ የደረስንበት መልስ ቀላል ነው፤ ቆዳ ነበረን። እስቲ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከሩሲያ ሄምፕ በመርከብ እየጫነ የሚገዛበትን ምክንያት ቁጠሩት። ገመድ፣ ሸራ፣ ከረጢት ነው። ቻይናዎች ደግሞ ከ1,900 ዓመት በፊት ከሄምፕ ውዳቂና ከአሮጌ መረብ ወረቀት ሠርተዋል። አሁን ወደ አገር ቤት ኑ። ገመዱ ጠፍርና መጫኛ ነው፤ ቆዳ። ከረጢቱ ስልቻና አቁማዳ ነው፤ ቆዳ። ወረቀቱ ብራና ነው፤ እሱም የፍየልና የበግ ቆዳ። ሸራ የሚያስፈልገው መርከብ አልነበረንም፤ የጣና ታንኳ ከደንገል ይታሰራል። ልብሱን ጥጥ ይዞታል፤ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዘመቻቸው ባስቀረጹት ጽሑፍ ላይ የጠላት የጥጥ ክምችት ስለመጥፋቱ ያነሣሉ። ለብርዱ አገር ባና አለ። ደቡቡ ደግሞ ከእንሰቱ ቃጫ ያወጣል። ለሄምፕ የተረፈ ክፍት የሥራ ቦታ አልነበረም ማለት ነው።

ሰቆጣ በዚህ በኩል ጥሩ ምስክር ናት። ለረዥም ዘመን ከሰሜኑ ዋና ዋና የአሞሌ ጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር ዝቅታ የሚወጣው አሞሌ በአህያ፣ በበቅሎና በግመል እየተጫነ ይደርሳት ነበር፤ ከዚያ ወደ ምዕራቡና ወደ ደቡቡ ይሻገራል። ያ ሁሉ ጭነት ሲታሰርና ሲፈታ የሚውለው በመጫኛ ነው። ፍየል በሞላበት አገር ገመድ ለማግኘት ማንም ሰው መሬት አያርስም።

የተልባ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ተልባና ሄምፕ በቃጫ ረገድ የአክስት ልጆች ናቸው በሉት፤ ሁለቱም ከግንዳቸው ልጥ ክር ይወጣል። የጥንት ግብፆች ሬሳ የገነዙበት ጨርቅ የተልባ ነው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪም ጋር ተገናኝቶ፣ በበቅሎ እየዞረ ዘር ሲሰበስብ አንድ ነገር አስደነቀው። አገሩ በተልባ ዓይነት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ክር የሚፈትልበት የለም። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይበላል። አዎን፣ ፍትፍት ነው የምናደርገው! በጾም ወራት እናታችን ቤት ያለውን የተልባ ጭማቂ አስቡት። ገበሬው ለዘመናት የመረጠው ዘር አጭር፣ ቅርንጫፋም፣ ፍሬ የሚበዛበት ነው። ለክር የሚፈለገው ረዥምና ቀጥ ያለው ነው፤ ያንን የመረጠ የለም፣ ምክንያቱም የሚገዛው አልነበረም።

ይህን የምንለው ‹‹አያቶቻችን አላወቁበትም›› ለማለት አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። አንድ ተክል ክር ስላለው ብቻ ኢንዱስትሪ እንደማይሆን ከእነርሱ በላይ ያወቀ የለም።

ነገሩ የተለወጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቡናው ወደ ውጭ በብዛት መላክ ሲጀምር በስልቻ አይላክም። 60 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ ያስፈልጋል። ጆንያው ከጁት ይሠራል፤ ጁቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከቤንጋል፣ የዛሬዎቹ ባንግላዴሽና ሕንድ ካሉበት አገር ነው። በዓለም የምንኮራበት ምርታችን የሰው አገር ቃጫ ለብሶ ነው ከወደብ የሚወጣው ማለት ነው። ስለ ቡና ይህን ያህል ስንጽፍ ስለ ጆንያው አንድ ሰው እንኳ አለመጻፉ ይገርመናል።

ቀጥሎ ፕላስቲክ መጣ። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ሄዳችሁ ‹‹አንድ ማዳበሪያ ጤፍ›› ብትሉ ባለሱቁ ዩሪያ ይጨምርልኛል ብሎ አይደነግጥም። ከረጢቱን ነው። ዳፕና ዩሪያ በሰው ሠራሽ ክር በተሸመነ ከረጢት ተሞልቶ ገጠር ሲገባ ማዳበሪያው ማሳ ላይ ቀለጠ፤ ከረጢቱ ቤት ቀረ፤ ስሙን ይዞ ቀረ። ዛሬ ዋግ የሚገባው የዕርዳታ ስንዴም፣ ከሰቆጣ ገበያ የሚመለሰው በርበሬም የሚታሸገው በእሱው ነው። ሲባጎውም ፕላስቲክ፣ የአህያ መጫኛውም ናይለን ሆነ። ስልቻ የያዘውን ቦታ ጆንያ በከፊል ወሰደው፤ የጆንያን ደግሞ ማዳበሪያ ጠቅልሎ ወሰደው።

ይህ ከረጢት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ታንዛኒያን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1893 ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ ከፍሎሪዳ አንድ ሺህ የሲሳል ችግኝ አስጭኖ ወደ ጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ አመጣ። መንገዱ ረዥም ነበርና ታንጋ በሕይወት የደረሱት 62 ብቻ ናቸው። ከ62ቱ የተነሣው እርሻ በ1964 አገሪቱን በዓመት 230 ሺህ ቶን ያህል ቃጫ የምታመርት የዓለም አንደኛ አደረጋት። ከዚያ ወዲያ የሆነው ያሳዝናል። በ1967 እርሻዎቹ ተወረሱ፤ በዚያው ሰሞን ሰው ሠራሹ ገመድና ከረጢት በርካሽ ዓለምን አጥለቀለቀ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ምርቱ ወደ 20 ሺህ ቶን ወርዶ ነበር። አንዳንዱ ውርሱን ይወቅሳል፣ ሌላው ፕላስቲኩን። ለእኛ ሁለቱም ተጋግዘዋል፤ ግን ብራዚልና ኬንያ ጭምር ከፕላስቲኩ ስላላመለጡ ሚዛኑ ወደ ፕላስቲኩ ያደላል።

ሲሳል ያልነው በእኛ አነጋገር ቃጫ ነው፤ ያው እሾሃማ ጫፍ ያለው፣ ሰይፍ የመሰለ ቅጠሉ ከመሬት የሚፈነጥቀው። እሱን ትንሽ ቆይተን እንመለስበታለን። ከዚያ በፊት ግን ‹‹ተአምረኛ ሰብል›› የሚለው ነገር በራሳችን አገር አንድ ጊዜ ተሞክሮ ምን እንዳመጣ ማስታወስ ግድ ነው፤ የረሳነው ይመስላልና።

ዘመኑ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ የነካበት ነው። በ2000 ዓ.ም. መባቻ መንግሥት የባዮፊዩል ስትራቴጂ አወጣ። ‹‹ጃትሮፋ››ና ጉሎ ምድረ በዳ ላይ ይበቅላሉ፣ ውኃ አይፈልጉም፣ ናፍጣ ይተካሉ ተባለ። ሴሚናሩ በዛ፣ የውጭ ኩባንያዎች መጡ። በምሥራቅ ሐረርጌ አንዱ ጉሎ ሊያለማ የተሰጠው መሬት የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ ሆኖ ተገኘ። በወላይታ ደግሞ ገበሬው ከሌላ ኩባንያ ጋር ውል ገብቶ፣ ለምግብ ከሚዘራበት ጠባብ ማሳ ላይ ቆርሶ ጉሎ ዘራ። በዚያው በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረና ወላይታ ረሃብ ገባ። ጉሎ ደግሞ አይበላም፤ መርዝ ነው። ምርቱም እንደተባለው አልሆነም፣ ገንዘቡም እንደተባለው አልመጣም። ልብ በሉ፤ ጉሎ አገር በቀል ተክል ነው፣ እናቶቻችን ምጣድ ያሰሱበት። ተክሉ ላይ ምንም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ገዢው አንድ ብቻ መሆኑ፣ መጭመቂያው ሩቅ መሆኑና የተያዘው መሬት የእንጀራ መሬት መሆኑ ነው።

ሄምፕም ቢሆን በሠለጠነው አገር ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. ሄምፕን በሕግ ፈቀደች። ገበሬው ትንባሆውን እየተወ ገባበት። የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ቆጠራ በ2021 የሄምፕን ምርት ዋጋ 824 ሚሊዮን ዶላር አደረሰው። በቀጣዩ ዓመት ስንት ሆነ? 238 ሚሊዮን። ምርቱ ከገዢው በለጠ፤ ዋጋው ወደቀ። በአህጉራችንም ሌሶቶ በ2017፣ ማላዊ በ2020 ለካናቢስ ሕጋዊ በር ከፍተዋል፤ የፈቃዱ ክፍያ ግን ለትንሽ ገበሬ የሚቀመስ አልሆነም የሚለው ወቀሳ አልተለያቸውም። የኬንታኪ ገበሬ ሲከስር ባንክ አለው፣ ኢንሹራንስ አለው። የዝቋላ ገበሬ ያለው ፍየሉ ነው።

ወደ አፈሩ እንውረድ። ሄምፕ በአራት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ነገር ግን ጥልቅና ለም አፈር፣ ብዙ ናይትሮጅን፣ በዕድገቱ ወራት ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሜትር የሚደርስ እርጥበት ይወዳል። የዝቋላ ክረምት ሁለት ወር ሞልቶ ከተገኘ ተመስገን ነው። መሬቱ ድንጋያማና ተዳፋት፣ አፈሩ የተራቆተ ነው። ደግሞ የቀን ርዝመት የሚባል ነገር አለ። የአውሮፓ ሄምፕ በረዥሙ የበጋ ቀን እየተመዘዘ እንዲያድግ የተመረጠ ነው፤ የእኛ ቀን በክረምትም ቢሆን ከ13 ሰዓት ብዙም አያልፍም። አጭር ቀን ያገኘ ሄምፕ ሳይመዘዝ ያብባል፤ ያበበ ሄምፕ ደግሞ ቁመቱ እዚያው ቆመ ማለት ነው። ቁመት የሌለው ግንድ ምን ቃጫ ይወጣዋል?

በዚህ ላይ መዘፍዘፉ አለ። ልጡ ከእንጨቱ የሚላቀቀው ግንዱ ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ወይም ጠል ሲወርድበት ሜዳ ላይ ተኝቶ በስብሶ ነው። ከመስከረም በኋላ በዝቋላ ጠሉ ከየት ይመጣል? እናቶች ለመጠጥ ውኃ የሚጓዙትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ግንድ ለመዘፍዘፊያ ውኃ ቅዱ አይላቸውም። የተከዜ ግድብ ሐይቅ አለ የሚል ይኖራል። አለ፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ፤ ለዓሣ አጥማጅ ወጣቶችም ሥራ ሆኗል። ግን እሱ ገደል ውስጥ ነው፤ ማሳው ከላይ ነው።

ስለዚህ ፍርዳችንን እንናገር፤ ሄምፕ የዝቋላ ሰብል አይደለም። ምናልባት ውኃ ገብ ለሆነው ለምዕራቡ አገር አንድ ቀን ይታሰብ ይሆናል። ሕጉንም በተመለከተ ሁለት ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት በአንቀጽ 28 ለቃጫና ለፍሬ ብቻ የሚለማን ካናቢስ ከቁጥጥሩ ውጪ አድርጎታል። በእኛ አገር ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን ይቀጣል፤ ሻሸመኔ ላይ ፖሊስ ካናቢስ ሲያቃጥል በዜና የምታዩትም ለዚህ ነው። ሁለቱን ተክሎች በዓይን መለየት አይቻልም፤ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። ፅፅቃ ላይ ላቦራቶሪ እስኪከፈት ገበሬው ማሳው ላይ ለቆመው ፖሊስ ምን ብሎ ያስረዳል?

‹‹ታዲያ ምንም አይሞከር ነው የምትሉት?›› ትሉን ይሆናል። አይደለም። ዝቋላ ገበያ የማታውቅ አገር አይደለችም። ቆላው ላይ ያለው የዕጣን ዛፍ ከጥንት ጀምሮ ይሸጣል፤ ከቤተ ክርስቲያን ጽና እስከ ውጭ አገር ሽቶ ቤት ይሄዳል። ችግሩ ዛፉ አለመተካቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያሉ የዕጣን ደኖችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ወጣት ዛፍ ለአሥርት ዓመታት አለመብቀሉን ደርሰውበት፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል ብለው አስጠንቅቀዋል። ከብቱ ችግኙን ይበላዋል፣ እሳት ይገባበታል፣ የማድሚያው ቁስል ይበዛበታል። ከአዲሱ ሰብል ወሬ በፊት ይህ አሮጌው ቢያሳስበን ደግ ነው።

ከቃጫ ወገን ደግሞ ያ ቅድም የተውነው ሲሳል አለ። ይህ ተክል ለደረቅ አገር የተፈጠረ ነው። ሌሎች ተክሎች በቀን የሚተነፍሱትን እሱ በሌሊት ይተነፍሳል፤ ፀሐይ ስትወጣ አፉን ዘግቶ ውኃውን ይቆጥባል። መዘፍዘፍ ሳያስፈልገው ቅጠሉ በማሽን ተፍቆ ክሩ ይወጣል። ከተተከለ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ቅጠሉ ይቆረጣል፤ ከዚያ ለዓመታት ይቆረጣል፤ በመጨረሻ አንዴ አብቦ ይሞታል። ማሽላ የማይበቅልበት ቦረቦር ላይ ስለሚቆም ከእንጀራ መሬት ጋር አይጣላም።

ግን ሂሳቡን እንይ። ከመቶ ኪሎ የሲሳል ቅጠል የሚወጣው ደረቅ ቃጫ አራት ኪሎ ያህል ነው። ቀሪው ዘጠና ስድስቱ ውኃና ጭማቂ ነው። ይህን ቅጠል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አስጭኖ አዲስ አበባ የሚያመጣ ሰው ውኃ ነው በመኪና የሚያጓጉዘው። ታንጋ የበለጸገው የመፋቂያው ፋብሪካ እርሻው መሃል ስለነበረና ቅጠሉ በትንሽ ባቡር ስለሚደርሰው ነው። የጉሎውን ታሪክ ያስታወሰ ሰው እዚህ ላይ ራሱን ይነቀንቃል፤ ተክሉ ሳይሆን መፋቂያው የት ቆመ ነው ጥያቄው።

ለዝቋላ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ታንጋ አይደለም፤ ታንጋ የከበርቴ እርሻ ነበር። የሚቀርበው የሰሜን ምሥራቅ ብራዚሉ የባሂያ ደረቅ አገር ነው። እዚያ ሲሳል የትናንሽ ገበሬዎች ተክል ነው፤ ያው ድርቅ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው ፍየል። ቫሌንቴ በምትባል ከተማ ገበሬዎቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ማኅበር አቋቋሙ። ቃጫውን በደላላ ከመሸጥ ተነሥተው በ1996 የራሳቸውን የምንጣፍ ፋብሪካ ከፈቱ። የፍየል ወተትንም ከሥራቸው ጋር አያያዙት። ይህን ስናነብ የታየን ሰቆጣ ነው፤ ሌላ ምን ይታየናል? ሆኖም ገጽታው ሁሉ ውብ አይደለም። የባሂያ መፋቂያ ማሽን ቅጠል በእጅ የሚጎረስበት፣ መከላከያ የሌለው ማሽን ነውና የብዙ ሠራተኛ ጣትና እጅ ቆርጧል። ማሽን ይግባ የሚል ሰው የትኛው ማሽን እንደሚገባ ጭምር ይናገር።

ገዢውስ? እዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር አለ። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ፌስታል ሲቀር የሚተካው ዘምቢል፣ ከረጢትና ሲባጎ ከአንድ ቦታ መምጣቱ አይቀርም፤ ከሻንጋይም ሊመጣ ይችላል። የቡናው ጆንያም ዛሬም ገዢ ያለው ዕቃ ነው። በሰቆጣ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ማሽላና ፍየል ላይ የሠራውን ያህል ለቃጫው ሁለት ሦስት የሙከራ መደብ ቢሰጠው፣ የትኛው ዝርያ በየትኛው ቦረቦር ስንት ኪሎ እንደሚሰጥ እናውቅ ነበር። ይህ ቁጥር ከ25 ሺህዋ ቁጥር ይልቅ ይጠቅመናል።

በመሃል ደግሞ ሦስቱ ዓመት አለ፤ ከተከላ እስከ መጀመሪያው ቆረጣ ያለው። የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በእንደነዚህ ባሉ ወረዳዎች ለቀን ሥራ ስንዴና ብር ሲከፍል ኖሯል። ሥራው እርከን መሥራት፣ ቦረቦር መድፈን ነው፤ በሰሜኑ ደረቅ አገር ቦረቦር አፋፍ ላይ አፈር እንዲይዙ ከሚተከሉት አንዱ ደግሞ ቃጫ ነው። ማለትም ቃጫ ለመትከል ደመወዝ የሚከፈልበት መንገድ ቀድሞም አለ። እስካሁን ተክሉ የሚቆጠረው በአፈር ጥበቃ ሪፖርት ላይ ነው፤ ይህን ያህል ሜትር ቦረቦር ዳነ ተብሎ። ቅጠሉን የሚፈልገው እረኛ ነው፤ ሲቸግረው አንዱን ይቆርጥና በድንጋይ ቀጥቅጦ፣ ክሩን በጭኑ ላይ ገምዶ ፍየሉን ያስርበታል።